በሦስተኛው ቅጂ ላይ ያለው ድምፅ

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ለነፍስ አባቴ ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ስካሩንም ሐሜቱንም የጎረቤቴን ገበያ ማጣጣሌንም ስናገር ቆይቼ እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። «ሌላ የቀረህ አለ?» ይሉኛል። «የለም አባቴ» እላለሁ። እንግዲህ ኑዛዜ ላይ ተቀምጬ እንኳ የዋሸሁለት ኃጢአት ነው። እናንተን አላውቃችሁም፤ ምናልባት አፌ የተፈታው ለዚህ ይሆናል።

ስሜ ጌታነህ ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ሱቅ አለችኝ፤ ሚሞሪ ላይ ዘፈን፣ መዝሙርና ፊልም እጭናለሁ። ሠርግ ሲኖር ሞንታርቦ እተክላለሁ። ከዚያ በፊት ግን የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ከቁይ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር፣ ስሙን አልጠራውም፣ ከየኔታ እንየው እግር ሥር ሰባት ዓመት ዜማ ተምሬያለሁ። የኔታን የማታውቋቸው ሰዎች ነገሬ እንዲገባችሁ ስለ አስተማመራቸው ትንሽ ልንገራችሁ።

የኔታ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ መቋሚያቸው እጃቸው ላይ ናት። ተማሪው ይላል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከድነው ይሰማሉ። ሲሳሳት «ተሳሳትክ» አይሉም፤ መቋሚያዋን አንዴ አፈሩ ወለል ላይ ቋ ያደርጓታል። በቃ። ቆመህ ትመለሳለህ። ከዱላ ይልቅ ያችን ቋ እንፈራት ነበር። አዲስ ትምህርት ሲሰጡ ደግሞ ብለው ብለው ሲጨርሱ «ሰማህ?» ይላሉ። ያልገባው «አልሰማሁም የኔታ» ይላል፤ ሳይቆጡ እንደገና ይሉለታል። አልሰማሁም ማለት በየኔታ ቤት ነውር አልነበረም። ነውሩ ሳይሰሙ ሰማሁ ማለት ነበር።

በዚያ ደብር የመመለሻ ዜማ የሚሉት አለ። በንግሡ ቀን ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ሊገባ ሲል አንድ ሰው ብቻውን ይለዋል፣ ሌላው ይቀበላል። ቃሉ በሌላም ደብር ይኖር ይሆናል፤ አካሄዱ፣ እጥፋቱ ግን የዚያ ደብር ብቻ ነው። በብራና ላይ ምልክት የለውም፤ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚባልም እጥፋቱን ከሩቅ ሰምቶ የያዘው የለም። የኔታ ከመምህራቸው አፍ ተቀበሉት፣ መምህራቸውም ከመምህራቸው። የሚሰጡትም ሌላውን ሁሉ ለጨረሰ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ለእኔ መስጠት ጀምረው ነበር። እስከ እኩሌታው ደረስኩ። ከዚያ ከተማ አማረኝ፤ አንድ ማለዳ እንኳ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። ከእኔ በኋላ የሰጡት ልጅ በሽታ ቀጠፈው። ቀጥሎ ተራው የመሪጌታ ይባቤ ነበር።

ይባቤ አብሮኝ የተማረ ነው፤ ዛሬ በየኔታ ወንበር የተቀመጠው እሱ ነው። የእሱ ተራ ሲደርስ ግን የየኔታ ደረት ደከመ። ዜማ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ተደጋግሞ ነው የሚገባው፤ እሳቸው ይህን ማንሣት አልቻሉም። አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉትና ይቀረጽ፣ ይባቤ ከቅጂው እየሰማ ይያዘው ተባለ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚባል ነገር! ይህን የሰማ ሰው፣ ጤነኛ ጭንቅላት ያለው ሰው፣ ምን ያደርጋል?

ይባቤ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ባሕር ዳር ያለች ፍሬሕይወት የምትባል የድምፅ ባለሙያ ፈልጎ አገኘ። ከዚያ ደወለልኝ። «ጌታነህ፣ አንተ የመሣሪያ ሰው ነህ፤ ትምጣ ወይስ ምን ትላለህ?» አለኝ።

ቅር አለኝ። ለምን ቅር እንዳለኝ ዛሬ ጥርት አድርጌ አውቀዋለሁ። ትምህርቱን ጥዬ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ በእነሱ ዘንድ ዘፈን ጫኝ ነኝ። በአንድ ነገር ብቻ እበልጣቸዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው፤ እሱንም ለሌላ ሊሰጡት ነው። «እኔ እያለሁ?» አልኩት። «መቅጃው ላይ ቁልፍ መጫን ነው እኮ። ቀይ መብራት ሲበራ ይቀዳል፣ ሲጠፋ ያቆማል። ባለሙያው ለምን? ድምፅ እንደሆነ ድምፅ ነው።» ይባቤም የዋህ ነው፤ አመነኝ።

ልጅቷ ግን አልተቀየመችም። ስልክ ቁጥሬን ከይባቤ ተቀብላ ደወለችልኝ። «ጋሽ ጌታነህ፣ ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ አድርገው ይቅዱ። ሲጨርሱ እዚያው ቁጭ ብለው መልሰው ይስሙት። የተበላሸ ቢመስልዎ እንኳ ዋናውን ቅጂ እንዳያጠፉት» አለችኝ። እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት። ለሚስቴ «ይቺ ደግሞ ምጣድ ላይ ሳትወጣ መብሰሏ» ብዬ ሣቅሁባት። ሣቅሁ፣ እኔ።

ሄድኩ። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ነበር፤ ከጮቄ በኩል የሚወርደው ነፋስ አቧራውን ያስነሣል። የየኔታ ቤት ሰፊ ክብ ቤት ናት፣ ወለሏ አፈር፣ ጣራዋ ሳር። ሰባት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፤ ስገባ ግን የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ። የኔታ ዓይናቸው ፈዝዟል። ገና ሳልናገር፣ ከበሩ ላይ ቆሜ ሳለ፣ «ጌታነህ ነህ» አሉ። እንዴት እንዳወቁኝ አልጠየቅሁም። ልጅ ሳለሁ በቅሎ ረግጣ አፍንጫዬን ሰብራኛለች፤ ስተነፍስ ቀጭን ፉጨት ይወጣዋል። በእሱ ይሆናል አልኩ።

ሁለቱን ቀን በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ቀዳን። ሌሎች ዜማዎች ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ዙሪያውን ቁጭ ብለው እየሰሙ፣ የኔታም በየመሀሉ መቋሚያቸውን ቋ እያደረጉ። በሦስተኛው ቀን የመመለሻው ዜማ ተራ ደረሰ። እኔም ባለሙያ ልምሰል ብዬ ተነሣሁና ሁሉም ይውጣ አልኩ። «ትንፋሽ ይረብሻል» አልኩ። ይባቤ «እኔም?» አለ። «አንተም» አልኩት። አያችሁ? በዚያ ቤት ውስጥ ሊሰማ የሚችለውን ጆሮ ሁሉ በገዛ አፌ አስወጣሁ። የቀረው የእኔ ጆሮ ብቻ ነው።

ነፋሱ በበሩ ሽንቁር አቧራ ያስገባ ነበር። ማይኩን ከየኔታ ፊት አቆምኩት፤ መቅጃውን ግን ለአቧራው ብዬ በጋቢዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ማዳመጫው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጆሮዬን ያግለዋል ብዬ ተውኩት። ቀዩ መብራት በራ። «ይበሉ የኔታ» አልኩ።

ጀመሩ። እስከ እኩሌታው ያለውን አስታውሳለሁ፤ ድሮ የሰጡኝ ነውና ልቤ ውስጥ አብሬያቸው እል ነበር። ከዚያ ስልኬ ጭኔ ላይ ተንቀጠቀጠ። አንድ ደንበኛዬ ነው፣ የጫንክልኝ ፊልም አይከፍትም ብሎ ይነዘንዘኛል። የኔታ አያዩኝም። ጋቢውን ሳብ አደረግሁና ስልኬን አውጥቼ መለስኩለት። መለሰልኝ። መለስኩለት። ለዚያ ሰው የጻፍኩትን ቃል በቃል ልነግራችሁ እችላለሁ። የኔታ ከፊቴ ተቀምጠው፣ ከዚያች ደካማ ደረታቸው እያወጡ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሉትን ግን አልሰማሁም። ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ነበርኩ።

ጨረሱ። ቤቱ ጸጥ አለ። «ሰማህ?» አሉኝ።

«ሰማሁ የኔታ» አልኩ።

ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ፤ ወደ እኔ ፊት አይደለም፣ ጭኔ ላይ ወዳለው ጋቢ ነው ያዞሩት። እነዚያ የፈዘዙ ዓይኖች ጋቢው ላይ አረፉ። «እንግዲህ ከእኔ ወጥቷል» አሉ። «ካንተ ዘንድ ነው።» እንደገና ይበሉት ማለት እችል ነበር። አልሰማሁም ማለት እችል ነበር። በዚያ ቤት ነውር እንዳልነበረ ነግሬአችኋለሁ።

መልሼ ሳልሰማው ቦርሳዬን ዘግቼ ተሳፈርኩ። ደብረ ማርቆስ ገብቼ በሦስተኛው ቀን ሱቄ ውስጥ ከፈትኩት። መጀመሪያ ሻ… ሻ… የሚል ነገር መጣ፤ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲታሽ። ከዚያ ትንፋሽ። አንድ ሰው ጆሮዬ ሥር ቁጭ ብሎ ይተነፍሳል። የየኔታ ትንፋሽ መሰለኝ። ቆይቶ ቀጭኗን ፉጨት ሰማኋት። የእኔ ነው። ለካስ ጋቢውን ስስበው የማይኩ ገመድ ከመቅጃው ወጥቷል፤ መቅጃው በራሱ ትንሽ ማይክ፣ ጋቢ ውስጥ ሆኖ፣ ከሆዴ ጋር ተጣብቆ ሲቀዳ ቆይቷል። ያን ሁሉ ጊዜ የቀዳሁት ራሴን ነው። ከትንፋሼ በታች፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ ይመስል፣ አንድ ሽማግሌ ያዜማል። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ትንፋሼም አብሮ ከፍ ይላል። ከእኔ በታች ቀበርኳቸው።

የኔታ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን በሕይወት ነበሩ። አሥራ አንድ ቀን። መንገዱ አንድ ጠዋት አይፈጅም። ተሳፍሬ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ «የኔታ፣ አልሰማሁም» ብል፣ ደረታቸው ቢደክም እንኳ የቻሉትን ያህል ይሉልኝ ነበር። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ነገ ገበያ ነው አልኩ። ይባቤ ምን ይለኛል አልኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይባቤ ደወለ፤ እያለቀሰ ነበር። «የኔታ ዐረፉ» አለኝ። «ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተ ዘንድ አሉ።»

ክው አልኩ። ስልኩን ዘጋሁት፤ እሱ ሐዘን መሰለው።

አሁን ዋናው ኃጢአት ይመጣል። እስካሁን ያለው ትዕቢትና ስንፍና ነው፤ ለትዕቢትና ለስንፍና ሰው ንስሐ ይገባል። ይህ ግን አውቄ፣ አስቤ፣ ሻይ ጠጥቼ የሠራሁት ነው። አንድ እሑድ በቀትር የሱቄን ላሜራ ከውስጥ ዘጋሁ። ማይክ ከፊቴ አቆምኩ። በዚህ ጊዜ ማዳመጫውን አደረግሁ! ለየኔታ ያላደረግሁትን ለራሴ አደረግሁት። የመመለሻውን ዜማ በየኔታ አነጋገር፣ በየኔታ መንቀጥቀጥ፣ እኔ አልኩት። እኩሌታውን የማውቀውን አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በግምት ሄድኩ፤ ሦስት እጥፋት ላይ ወዴት እንደሚታጠፍ ፈጽሞ አላውቅም፣ ከሌላ ዜማ እየቀጠልኩ ሞላሁት። መሀል ላይ እንደ ሽማግሌ ሳልኩ። በኮምፒውተሩ ድምፄን አወፈርኩት፣ አሻከርኩት። መልሼ ስሰማው የኔታን መሰለ። ፈርቼ ላሜራውን ከፈትኩ። ፀሐይ ነበር፤ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር።

ዋናውን ቅጂስ? ሚሞሪውን ፎርማት አደረግሁት። በማግስቱ የሠርግ ዘፈን ጭኜ ለአንድ መንገደኛ ሰጠሁት። ፊቱን አላስታውስም። የየኔታ የመጨረሻ ድምፅ የት አገር፣ በማን ኪስ ውስጥ፣ በምን ዘፈን ሥር እንደተቀበረ አላውቅም።

ይባቤ ቅጂውን ሲቀበለኝ ሦስት ጊዜ ሳመው። ተማሪዎቹን ሰብስቦ ዓመቱን ሙሉ አጠናው። ለንግሡ ጠራኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ዞሮ ሊገባ ሲል ሕዝቡ ጸጥ አለ። ጉም ከተራራው ወርዶ የዋርካውን ጫፍ ሸፍኖታል። ይባቤ ብቻውን ጀመረ፣ ተማሪዎቹ ተቀበሉ። ድምፃቸው ያምራል። እስከ እኩሌታው ደህና ነበርኩ፤ እንባዬም መጣ። ከዚያ የእኔ ግምት ጀመረ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ከአየር ላይ የፈጠርኩት ነገር ከሃያ ሰው አፍ፣ እንደ ጥንት ነገር ተከብሮ ወጣ። ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ትንፋሽ ለመውሰድ ሁሉም ቆም አሉ፤ በአፍንጫቸውም ሳቡ። አፏጩ። ቀጭን ፉጨት፣ የተሰበረ አፍንጫ ፉጨት፣ ከሃያ ጤነኛ አፍንጫ። የኔታ እንዲህ ይተነፍሱ ነበር ብለው አጥንተውት ነው። እጄን ወደ ፊቴ ወሰድኩ፤ አፍንጫዬ ከእኔ ጋር መሆኑን ለማወቅ መሰለኝ።

ቀጥሎ ይባቤ መቋሚያውን መሬት ላይ አሳረፈው። ቋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቋ። ለሦስተኛ ጊዜ ቋ። ሰው ሁሉ ታቦቱን ያያል፤ እኔ መቋሚያውን አያለሁ።

ሥርዓቱ ሲያልቅ ይባቤን ጎትቼ ለብቻው አወጣሁት። «መቋሚያህን ምን ብለህ ነው የምታሳርፈው?» አልኩት።

ተገረመ። «ቅጂው ላይ አለ እኮ! የኔታ ሦስት ቦታ መታ ያደርጋሉ። ምክንያቱን አላወቅሁትም፤ ግን እሳቸው ያደረጉትን አልጥልም ብዬ ነው» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና «አንተ አልሰማኸውም እንዴ?» አለ።

በማግስቱ ሱቄ ገብቼ ቅጂውን ከፈትኩት። አለ። ቋ፣ ዝቅ ያለች፣ ግልጽ የሆነች። ሦስት ጊዜ። የት የት ቦታ መሰላችሁ? እነዚያ የገመትኳቸው ሦስት እጥፋቶች ላይ። እኔ ስቀዳ መቋሚያ አልያዝኩም። ሱቄ ውስጥ እንጨት የሚባል ነገር የለም፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ መደርደሪያው ብረት ነው። ላሜራው በፀሐይ ሲሞቅ ይንጣጣል፣ እሱ ይሆናል አልኩ። ጎረቤት በር ዘግቶ ይሆናል አልኩ። ብዙ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ፣ ዘፈንም ይሁን ፊልም፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ዝምታ አለ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ሰው ዓይኑን ከድኖ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

እንዲህ ሆኜ ዓመታት ኖርኩ። ጅል ነኝና የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ዘንድሮ ይባቤ አንድ መልካም ነገር አሰበ፦ ቅጂዎቹ ተጣርተው፣ ተባዝተው፣ ይጁቤም መርጡለ ማርያምም ላሉ የዜማ ተማሪዎች ይሰጡ አለ። ይህንስ ለባለሙያ እንስጥ ብሎ ፍሬሕይወትን ጠራት። ባለፈው ሳምንት ዋናዎቹን ቅጂዎች ፍለጋ ከነዕቃዋ ሱቄ መጣች። ዝምተኛ ልጅ ናት። ጠረጴዛዬ ላይ ላፕቶፗን ዘርግታ ማዳመጫዋን አደረገች፤ ሁለቱን ቅጂዎች ሰማች። ሦስተኛውን ከፈተች። ጥቂት ሰምታ አቆመች። መለሰች። እንደገና አቆመች።

«ጋሽ ጌታነህ፣ ሦስተኛው የተቀዳው ሌላ ቤት ነው» አለችኝ።

ጣቷን ወደ ላፕቶፑ ቀስራ ቀጠለች። «ሁለቱ ሰፊ ቤት ናቸው፤ ሳርና አፈር ያለበት። ይኸኛው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ከጀርባው ደግሞ ፍሪጅ ይሠራል።» ይህን ስትል የጎረቤቴ የጭማቂ ቤት ፍሪጅ ከግድግዳው ወዲያ ማጓራት ጀመረ። ቀና ብላ ግድግዳውን አየችው። ከዚያ «ሰውየውም ሌላ ነው» አለች። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ እተነፍስ ነበር እንጂ። አንድ ጆሮዋን ከማዳመጫው አወጣች። አፍንጫዬን ሰማችው። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ አወቀች።

የድምፅ ባለሙያ ለምን ያስፈልጋል ብዬ የጠየቅሁ ሰው እኔ ነኝ። መልሱ ይኸው ቁጭ ብሎ ያየኛል። ቁልፍ መጫን ማንም ይጭናል፤ ለመስማት ብቻ የሚመጣ ሰው ነው የሚያስፈልገው። እኛ ስልካችንን ስንነካካ፣ በትዕቢታችን ስንጠመድ፣ እሱ ይሰማል። የኔታ ሰሚ የሌለው ዜማ አይደረስም ይሉ ነበር። ሰባት ዓመት ሰምቼው አልገባኝም።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለችና ያችን ቋ አሰማችኝ። «ይቺ ከዚህ ክፍል አይደለችም። እንጨት ነው፣ አፈር ወለል ላይ ያረፈ፤ ቤቱም የሁለቱ ቅጂዎች ቤት ነው። ማን ነው የጨመራት?»

«ማንም» አልኳት። እውነቴን ነበር። እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች።

ዋናው ቅጂ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። የጋቢውን ነገር፣ የገመዱን ነገር፣ የሚሞሪውን ነገር ነገርኳት። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። «ጨርቅ ውስጥም ቢሆን እኮ ያወጣ ነበር» አለች። «ለሰው የሚሰጥ ጥራት አይኖረውም። ግን የጨርቁንና የትንፋሹን ድምፅ ብቀንሰው መሪጌታ ዜማውን ይለይበት ነበር። ለዚህ ነበር አያጥፉት ያልኩዎት።»

እስከዚያ ድረስ ራሴን የማጽናናበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ቅጂው ያኔውኑ ሞቷል፣ እኔ የቀበርኩት በድኑን ነው እል ነበር። ለካ በሕይወቱ ነው የቀበርኩት።

«መሪጌታ ሁሉንም አጽጂ ብለውኛል» አለችኝ። «ይቺን ቋ ላውጣት ወይስ ትቆይ?»

ምን ያልኩ ይመስላችኋል? ወዲያው፣ ሳላመነታ፣ «አውጪያት» አልኩ። የመጀመሪያዋን አወጣቻትና አሰማችኝ። እጥፋቱ ቀጥ ብሎ አለፈ። የሚያቆመው የለም፣ የሚመልሰው የለም። ውሸቴ ልስልስ ብሎ፣ የኔታን መስሎ፣ እውነት ሆኖ አለፈ። ዘመዶቼ፣ ከቋዋ ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ። ያቺ ነገር ከላሜራው ትምጣ፣ ከየትም ትምጣ፣ ከየኔታ ዘንድ የቀረን አንድ እርማት እሷ ናት፤ እሷን ካወጣናት ማንም፣ መቼም፣ መሳሳቱን አያውቅም። «መልሺያት» አልኳት። ደግሜ አልኩት።

መለሰቻት። «እኔ ለመሪጌታ አልናገርብዎትም» አለች። «ግን የየኔታ እንየው ድምፅ ነው ብዬ ይህን በእጄ አልሰጥም።» ከዚያ ማይኩን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፊቴ አቆመችው። ገመዱን ሁለት ጊዜ ጎትታ አየችው። ማዳመጫዋን አደረገችና «ይናገሩ፤ እኔ እሰማለሁ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ እዚያው ማይክ ላይ ነው። ላሜራው ክፍት ነው፣ ፀሐይ ይገባል፣ ፍሪጁ ያጓራል፣ አፍንጫዬም ያፏጫል፤ ምንም አታውጪ ብያታለሁ። ነገ ወደ ቁይ እንሄዳለን። ይባቤ መጀመሪያ ይሰማዋል፤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። የሳመውን ነገር ምንነት ሲያውቅ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ማረኝ ብዬ አልለምነውም። ከደብሩ ላይ የወሰድኩትን ነገር እሱ ምሬሃለሁ ቢለኝ አይመለስም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ንግሡ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

እናንተ ይህን ቃሌን ከሦስተኛው ቅጂ ጋር የምትቀበሉ የዜማ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ብቻ ስሙኝ። እስከ እኩሌታው ያለው የየኔታ ነው። ድምፁ የእኔ ቢሆንም ዜማው የእሳቸው ነው፤ ከአፋቸው ተቀብዬዋለሁ፣ ሰባት ዓመት ሲያርሙኝ እዚያ ላይ መቋሚያ አላነሡብኝም። እሱን ያዙት። ከዚያ በኋላ ቋ የምትለዋን ስትሰሙ ቁሙ። እዚያ ላይ የእኔ ውሸት ነው ያለው፣ የእኔ ትንፋሽ፣ የእኔ የተሰበረ አፍንጫ። አታጥኑት። ታቦቱ የቀረውን መንገድ በዝምታ ይግባ።

ከዝምታው ውስጥ ምን እንደነበረ ብትጠይቁኝ አላውቅም። አንድ ሰው ከፊቴ ተቀምጦ፣ ያለ የሌለ ትንፋሹን አውጥቶ፣ እስከ መጨረሻው ብሎት ነበር። ሲጨርስ «ሰማህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልሰማሁም፣ የኔታ።